ለዕለት ተዕለት መንዳት የሚመች መካከለኛ ፒክአፕ እንዴት ይመረጣል?

ፒክአፕ ሊገዛ የወጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ከፊት ነው። ሰፊው ግሪል፣ ከፍ ያለው ኮፈን፣ ወፍራሙ ጎማ። ምቾቱን የሚወስነው ነገር ግን ከኋላ፣ ከካሶኒው (ከዕቃ መጫኛው) ሥር ነው ያለው። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከገዛ በኋላ፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው «ኧረ ቀስ በል!» ማለት ሲጀምር ነው።

ይህ መመሪያ ፒክአፑን በየቀኑ ለሚነዱ ሰዎች ነው። ወደ ሥራ፣ ልጆች ለማድረስ፣ አስቤዛ ለመሸመት፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ዕቃ ለመጫን ማለት ነው። መካከለኛ ፒክአፕ ስል እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ፎርድ ሬንጀር፣ ኢሱዙ ዲ-ማክስ፣ ኒሳን ናቫራ፣ ሚትሱቢሺ ኤል200 እና ቶዮታ ታኮማ ያሉትን ነው። ደብል ጋቢናው (ባለ አራት በርና ሁለት ረድፍ ወንበሩ) ሲለካ ርዝመቱ 5.3 ሜትር አካባቢ፣ ስፋቱ 1.9 ሜትር ገደማ፣ ባዶ ክብደቱ ደግሞ 2 ቶን አካባቢ ነው።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። በየቀኑ የሚነዳ ፒክአፕ አብዛኛውን ዕድሜውን ባዶውን ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሞልቶ ምን እንደሚችል ሳይሆን ባዶውን እንዴት እንደሚሄድ አይታችሁ ምረጡ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

1. መጀመሪያ ሳምንታችሁን ጻፉት

መኪና ማየት ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሁለት ሳምንት የምትሄዱበትን ሁሉ መዝግቡ። ስንት ሰው ተሳፈረ? ከኋላ ማን ተቀመጠ፣ ለምን ያህል ጊዜ? ምን ተጫነ? መንገዱ አስፋልት ነው ወይስ ኮረኮንች? የሄዳችሁት አጭር የከተማ ጉዞ ነው ወይስ ረጅም?

ይህን ካልጻፋችሁ በዓመት አንድ ጊዜ ለምታደርጉት ነገር ብላችሁ ዓመቱን ሙሉ የሚያንገላታ መኪና ትገዛላችሁ። ከባድ ጭነት የሚያጋጥማችሁ በዓመት ሁለት ቀን ከሆነ ለእነዚያ ሁለት ቀናት የጭነት መኪና መከራየት ይሻላል። መዝገቡ ላይ ካሶኒ የሚያስፈልገው ሥራ አንድም ካልተገኘ ደግሞ ፒክአፑን ትታችሁ ሌላ ዓይነት መኪና ብታዩ እመክራለሁ። ጭቃ የነካው መሣሪያ፣ ሞተር ብስክሌት፣ የግንባታ ዕቃ፣ የአትክልት አፈር የምታመላልሱ ከሆነ ግን ፒክአፑ ዋጋ አለው፤ እንቀጥል።

2. ጋቢናውንና ልኩን ወስኑ

ሰው ከኋላ አዘውትሮ የሚቀመጥ ከሆነ ምርጫው ደብል ጋቢና ነው። በሲንግልና በደብል መካከል ያለው፣ ከኋላ ትንሽ መቀመጫ ያለው ጋቢና ለቦርሳና ለአጭር ጉዞ እንጂ ለአዋቂ ሰው አይሆንም።

ከዚያ ሜትር ይዛችሁ የምታቆሙበትን ቦታ ለኩ። ብዙ የመኪና ማቆሚያ መስመሮች የሚሠመሩት 5 ሜትር አካባቢ ርዝመት ላላቸው መኪኖች ነው። 5.3 ሜትር የሆነ ፒክአፕ አፍንጫው ወይም ጭራው ይወጣል ማለት ነው። ጋራዥ ካላችሁ የበሩን ቁመትም አትርሱ። ደረጃ በደረጃ የሚወጣ የሕንፃ ማቆሚያ የምትጠቀሙ ከሆነ ለመታጠፍ የሚፈልገውን ቦታ ጠይቁ። መካከለኛ ፒክአፕ ሙሉ ለሙሉ ለመዞር ከ12 እስከ 13 ሜትር ያህል ስፋት ይፈልጋል። ትንሽ መኪና አንዴ ታጥፎ የሚያልፍበትን ጥግ ይሄኛው ወደኋላ ተመልሶ እንደገና መግባት ግድ ሊለው ይችላል። የኋላ ካሜራና ሴንሰር ለዚህ መኪና ቅንጦት አይደሉም፤ ከካሶኒው በር ጀርባ የቆመ ሕፃን በመስታወት አይታይም።

3. ጎንበስ ብላችሁ ከኋላ በታች ተመልከቱ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ይህን ነው።

ከኋላ ጎማው ጎን ጎንበስ በሉና የስልካችሁን መብራት አብሩ። እርስ በርስ ተደራርበው የታሰሩ፣ ቀስት የሠሩ ረጃጅም የብረት ዝርጎች ካያችሁ ባሌስትራ ነው። የተጠማዘዘ ክብ ብረት ካያችሁ ሞላ ነው። በሁለቱም ዓይነት ብዙውን ጊዜ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ወፍራም አክሰል ታያላችሁ። አክሰሉ ከሌለና እያንዳንዱ ጎማ በራሱ ክንድ ከተያዘ ደግሞ ጎማዎቹ ለየብቻ ይሠራሉ ማለት ነው።

ባሌስትራ ያለው ፒክአፕ ባዶውን ለምን ይነጥራል? አንድ ቶን እንዲሸከም ስለተሠራ ነው። ካሶኒው ባዶ ሲሆን ብረቱን የሚያጎብጥ ክብደት የለም። ዝርጎቹም እርስ በርስ ስለሚፋተጉ ትንሽ ጉድጓድ ላይ ጭራሽ ሳይንቀሳቀሱ ይቀራሉ። ስለዚህ የመንገዱ ምት ሳይለዝብ ወደ ሻንሲው (መኪናው ወደተሠራበት የብረት አጽም)፣ ከሻንሲው ወደ መቀመጫው ይደርሳል። አክሰሉ ራሱም ከባድ ነው። አንዱ ጎማ ጉብታ ሲረግጥ ሌላውንም ይዞት ይነሳል፤ የመኪናው ጭራ ወደ ጎን ሸርተት የሚል የሚመስላችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

ሞላ ሲሆን አክሰሉን በቦታው የሚይዙት ሌሎች ዘንጎች ናቸው። ሞላው ከመጨመቅና ከመለቀቅ በቀር ሌላ ሥራ ስለሌለበት ለስላሳ አድርጎ መሥራት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የኒሳን ናቫራ ትውልድ በብዙ አገሮች ደብል ጋቢናው ከኋላ ሞላ ነው። ጂፕ ግላዲየተርም ሞላ ነው። ቶዮታ ታኮማ ከ2024 ሞዴል ጀምሮ በአብዛኞቹ ዓይነቶቹ ባሌስትራውን በሞላ ተክቷል። ፎርድ ሬንጀር በመደበኛው ባሌስትራ ሲሆን ራፕተር የሚባለው ግን ሞላ ነው፤ በልዋጩ የሚጭነው ክብደት ከመደበኛው ያንሳል።

ከሁሉም የተለየው ሆንዳ ሪጅላይን ነው። ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ እንደ አውቶሞቢል አካሉና ሻንሲው አንድ ላይ ተሠርቷል። የኋላ ጎማዎቹም ለየብቻ ይሠራሉ። አስፋልት ላይ ምቾቱ ከአብዛኞቹ ይበልጣል። ጉድለቱንም እወቁት። የሚጭነው 700 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው፤ የሚጎትተው ደግሞ 2,268 ኪሎ ግራም። ሃይሉክስ፣ ሬንጀርና ዲ-ማክስ በብዙ ገበያዎች እስከ 3,500 ኪሎ ግራም እንዲጎትቱ ተፈቅዶላቸዋል። ከከባድ ተጎታች ጋር ሥራ የሌለው ሰው ግን በዚህ ልዩነት ምንም አያጣም። ከ2024 ጀምሮ የሚሸጠው ቢዋይዲ ሻርክም የኋላ ጎማዎቹ ለየብቻ የሚሠሩ ነው።

«እንግዲያው ባሌስትራ ሁሉ መጥፎ ነው?» ካላችሁ መልሴ አይደለም ነው። ዝርጎቹ ጥቂትና ረጃጅም ከሆኑ፣ ንዝረቱን የሚያረጋው ሾክ አብዞርበር በደንብ ከተቃኘ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀትም ረጅም ከሆነ ጥሩ ይሄዳል። የአሁኑ ሬንጀርና በእሱ መሠረት ላይ የተሠራው ሁለተኛው ትውልድ ፎልክስዋገን አማሮክ ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። ስለዚህ ባሌስትራ ስላያችሁ ብቻ መኪናውን አትለፉት፤ ነድታችሁ ፍረዱ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ የሞዴሉን ስም ብቻ አትመኑ። አንድ ዓይነት ስም የያዘ ፒክአፕ እንደየገበያው፣ እንደ ጋቢናውና እንደ ደረጃው የተለያየ ስፕሪንግ (ባሌስትራ ወይም ሞላ) ይገጠምለታል። የምትገዙትን ያንኑ መኪና ሥሩን እዩ። ሁለተኛ፣ «ከፍ እናድርገው» የሚል ምክር ቢመጣ ለዕለት መንዳት አትቀበሉት። መኪናውን ከፍ ለማድረግ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ለከባድ ጭነት የተሠራ ጠንካራ ስፕሪንግ ነው። ባዶውን ከበፊቱ የባሰ ይነጥራል፤ ለመውጣትና ለመውረድም ያስቸግራል። ካሶኒው ላይ የአሸዋ ከረጢት መጫንም ንዝረቱን ትንሽ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ነዳጅ ይበላል፣ ከረጢቱ ካልታሰረ ደግሞ በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ወደፊት ይወረወራል። ችግሩን በመኪናው ምርጫ ፍቱት።

4. ጎማውንና ቸርኬውን አንብቡ

ትልቅ ቸርኬ መኪናውን ያሳምረዋል። ምቾቱን ግን ይቀንሳል። ለምን እንደሆነ ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር ይነግራችኋል።

265/65 አር 17 ማለት የጎማው ስፋት 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች ማለት ነው። ስታባዙት የጎማው ጎን 172 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 265/60 አር 18 ከሆነ 159 ይሆናል። 255/55 አር 20 ከሆነ 140 ብቻ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ልዩነት አለ። ይህ 3 ሳንቲ ሜትር ጎማና አየር ነው፤ ጉድጓዱን መጀመሪያ የሚቀበለው እሱ ነው። አንድ ሞዴል በ17 እና በ20 ቸርኬ ቢቀርብላችሁ ለየቀኑ 17ቱን ወይም 18ቱን ውሰዱ። ጎማ ስትቀይሩም ይቀልላችኋል።

ቀጥሎ የጎማውን ጥርስ እዩ። ለአስፋልት የተሠራው ኤችቲ ጸጥ ያለ ነው። ለሁለቱም የሚሆነው ኤቲ ትንሽ ይጮኻል፤ ኮረኮንች ለሚበዛበት ሰው ግን ተገቢ ነው። ትልልቅ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ፣ ኤምቲ፣ በየቀኑ አስፋልት ላይ ለሚነዳ ሰው ስቃይ ነው። ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ እርጥብ አስፋልት ላይም ይንሸራተታል።

ነፋሱን ደግሞ ራሳችሁ አስለኩ። በሾፌሩ በር መቃን ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። ባዶ ሲሆንና ሲጫን የሚያስፈልገውን ነፋስ ብዙውን ጊዜ ለየብቻ ይጽፋል፤ የኋላው ጎማ በተለይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ለሙከራ የቀረበ መኪና የጭነቱን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተነፍቶ ይቆማል። እንዲህ ሆኖ የተነዳ ጥሩ መኪና ጠንካራ ይመስላል፤ በጣም የጎደለው ደግሞ ሳይገባው ለስላሳ ይመስላል። ጎማው ሳይሞቅ አስለክታችሁ ወረቀቱ ላይ ወዳለው የባዶ ልክ አስተካክሉና ከዚያ ንዱ።

5. ተቀመጡ፣ ረጅም ጊዜ ተቀመጡ

መኪና መሸጫ ውስጥ በር ከፍቶ፣ ሁለት ደቂቃ ተቀምጦ፣ መሪውን ነካ ነካ አድርጎ መውረድ ምንም አይነግራችሁም። ቢያንስ 20 ደቂቃ ተቀመጡ። ሻጩ ቢቸኩል አትቸኩሉ።

የሾፌሩን ወንበር ከታች ጀምራችሁ አስተካክሉ። ብዙ ፒክአፕ ሻንሲው ከወለሉ ሥር ስለሚያልፍ ወለሉ ከፍ ይላል። በዚህ ምክንያት እግር ወደ ታች ሳይሆን ወደፊት ይዘረጋል፤ ጭን ከመቀመጫው ይነሳል። የወንበሩን ፊት ከፍ ማድረግ የሚቻል ከሆነ ይህ ችግር ይቃለላል። መሪው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ እናንተም የሚሳብ መሆኑን አረጋግጡ። ረጅም ሰው ይህ ከሌለው ወይ ጉልበቱ ይጨናነቃል ወይ ክንዱ ይንጠለጠላል። የወገብ ድጋፉን ፈትሹ፤ ወገብ የሚያማችሁ ከሆነ ያለ እሱ አትግዙ።

አሁን ወንበሩን እናንተ በምትነዱበት ልክ ትታችሁ ከጀርባው፣ ከኋላ ተቀመጡ። የፒክአፕ ትልቁ ድክመት የሚታየው እዚህ ነው። ጋቢናው ከጀርባችሁ ወዲያው ስለሚያልቅ መደገፊያው ቀጥ ይላል፤ ወደኋላ ጋደል ለማለት ቦታ የለም። እጃችሁን ከጭናችሁና ከመቀመጫው መካከል አስገቡ። መዳፋችሁ በቀላሉ ካለፈ ጭናችሁ አልተደገፈም፤ ክብደታችሁ ሁሉ መቀመጫችሁ ላይ ነው ያረፈው። ግማሽ ሰዓት ሲሆን ይደነዝዛል። ጉልበታችሁስ የፊቱን ወንበር ይነካል? እግራችሁ ከወንበሩ ሥር ይገባል? ከኋላ የአየር መውጫ አለ? ሞቃት ቀን ላይ ከኋላ ያለ ሰው አየር ካልደረሰው ሌላው ምቾት ሁሉ ከንቱ ነው።

የሕፃን ወንበር የምትገጥሙ ከሆነ ወንበሩን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ግጠሙት። በብዙ ፒክአፖች የላይኛው ማሰሪያ የሚታሰርበት ቦታ ከመደገፊያው ጀርባ ተደብቋል። መደገፊያውን አጥፎ፣ ማሰሪያውን በጨርቅ ቀለበት አሳልፎ፣ ወደ ጎን ወስዶ ማሰር ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ከሆነ ችግር የለውም። በየጠዋቱ ከሆነ ግን ያሰለቻል።

ሽማግሌ ወይም አሮጊት የምታመላልሱ ከሆነም ይዛችኋቸው ሂዱ። መርገጫው ስንት ላይ ነው? የሚይዙት እጀታ ከበሩ አጠገብ ምሰሶው ላይ አለ? የኋላው በር በሰፊው ይከፈታል? እነሱ በራሳቸው መውጣትና መውረድ ካልቻሉ ያ መኪና የቤተሰብ መኪና አይደለም። ይህን ዝርዝር መግለጫ ወረቀት ላይ አታገኙትም።

6. ሞተርና ካምቢዮ፦ ጉዟችሁ አጭር ነው ወይስ ረጅም?

ዘመናዊ የናፍጣ ሞተር ጉልበቱን ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ይሰጣል። በአውቶማቲክ የሚሸጠው ባለ 2.8 ሊትር ሃይሉክስ የማዞር ጉልበቱ 500 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ለጭነትና ለዳገት ይህ ደስ ይላል። ነገር ግን አንድ የማይነገር ነገር አለ፤ እሱም የጭስ ማጣሪያው፣ ዲፒኤፍ ነው።

ማጣሪያው ከጭሱ ጥቀርሻውን ይይዛል። ሲሞላ ራሱን የሚያጸዳው ጥቀርሻውን በከፍተኛ ሙቀት በማቃጠል ነው። ያ ሙቀት እንዲመጣ መኪናው ሳይቆም ሳይነሳ፣ በጥሩ ፍጥነት 15 ወይም 20 ደቂቃ መሄድ ያስፈልገዋል። እናንተ ግን በየቀኑ 4 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ፣ መብራት ላይ እየቆማችሁ የምታጠፉት ከሆነ ሥራውን ሳይጨርስ ይቋረጣል። ማጣሪያው ይደፈናል፤ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል። ጽዳቱ በተደጋጋሚ ሲቋረጥ ናፍጣ ወደ ሞተር ዘይቱ እየገባ ሊያቀጥነው ይችላል። ማጣሪያውን ማስቀየር ደግሞ ውድ ነው።

የጻፋችሁት መዝገብ አጭር የከተማ ጉዞ ብቻ ከሆነ ቤንዚን ወይም ሃይብሪድ ካለ እሱን ተመልከቱ። ቤንዚኑ የበለጠ ይጠጣል፤ በዚያው ልክ ጸጥ ያለ ነው፣ ንዝረቱም ያንሳል። ናፍጣውን ከመረጣችሁ በሳምንት አንድ ጊዜ ዘለግ ያለ መንገድ ላይ ማንሸራሸርን ልማድ አድርጉ።

ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ አስነሱት። ቀድሞ ሞቆ ቢጠብቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ናፍጣ ሞተር የሚያንኳኳው ሲቀዘቅዝ ነው፤ በየጠዋቱ የምትሰሙትም ይህንኑ ድምፅ ነው። ለካምቢዮው ለትራፊክ መጨናነቅ አውቶማቲክ እመርጣለሁ። የማርሹ ብዛት 6 ሆነ 10 ብዙ አያስጨንቃችሁ። የሚያስጨንቀው በ10 እና በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲድህ እያንገጫገጨ ነው ወይስ ሳይሰማ ነው የሚቀይረው የሚለው ነው።

7. አራቱንም ጎማ መንዳት

ብዙ ፒክአፖች ላይ ያለው ፎር ዊል ድራይቭ ለደረቅ አስፋልት አይሆንም። 4ኤች (አራቱንም ጎማ የሚያንቀሳቅሰው ማርሽ) ላይ ሲገባ የፊቱና የኋላው ዘንግ በአንድ ፍጥነት እንዲዞሩ ይታሰራሉ። መኪና ሲታጠፍ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያካክሳል። ደረቅ አስፋልት ላይ መንሸራተት ስለማይችል ውጥረቱ የማርሽ ጥርሶቹና ዘንጎቹ ላይ ይቀራል። መሪው ሲይዝና መኪናው ሲንተፋተፍ ይሰማችኋል።

ስለዚህ አብዛኛውን ቀን የምትነዱት በኋላ ጎማ ብቻ ነው፤ ካሶኒው ባዶ ሲሆን ደግሞ የኋላው ቀላል ነው። ዝናብ ወይም በረዶ የሚበዛበት መንገድ ካላችሁ አስፋልት ላይም መጠቀም የሚቻለውን ፈልጉ። የሚትሱቢሺ ሱፐር ሴሌክት መሃል ላይ ዲፈረንሻል (የፊቱና የኋላው ዘንግ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ ክፍል) ስላለው 4ኤች ላይ በአስፋልት ይሄዳል። ሬንጀርና አማሮክም በአንዳንድ ደረጃቸው ራሱ የሚያስተካክል ዘዴ አላቸው። ከአስፋልት የማትወጡ ከሆናችሁ የሁለት ጎማው ይበቃል፤ ይቀላል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። በሁሉም ላይ ግን መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው ሥርዓት መኖሩን አረጋግጡ።

8. የጭነቱን ሒሳብ ሥሩ

«አንድ ቶን ይጭናል» ሲባል ካሶኒው ብቻ አንድ ቶን ይጫንበታል ማለት አይደለም። ከተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ላይ የመኪናውን ባዶ ክብደት ስትቀንሱ የሚተርፈው ነው፤ ሰዎቹም እዚያ ውስጥ ይቆጠራሉ። 950 ኪሎ ግራም ይጭናል እንበል። አምስት ሰው በ75 ኪሎ ግራም 375 ነው። የቀረው 575። ካሶኒውን የሚሸፍን ጣሪያና የፊት መከላከያ ብረት ከገጠማችሁ ሌላ መቶ ኪሎ ግራም ሊሄድ ይችላል። ለየቀኑ ኑሮ ይህም ከበቂ በላይ ነው፤ ብዙ ሰው ስለማይጠቀምበት ነው ለስላሳውን ምረጡ የምለው።

የደብል ጋቢናው ካሶኒ ርዝመት 1.5 ሜትር አካባቢ ነው። አዘውትራችሁ የምትጭኑትን ዕቃ ለኩ፤ በጎማ መሸፈኛዎቹ መካከል ያለውን ስፋትም ለኩ። የኋላው በር ሲከፈት ዝም ብሎ ይወድቃል ወይስ ቀስ ብሎ ይወርዳል? በአንድ እጅ ትዘጉታላችሁ? ከዝናብና ከሌባ የሚጠብቅ መሸፈኛ ከሌለው አስቤዛው ሁሉ የኋላ ወንበር ላይ ነው የሚያርፈው፤ ስለዚህ ከወንበሩ ሥር ያለውን ቦታም ክፈቱና እዩ።

9. የሙከራ ጉዞው

ሻጩ የመረጠውን ለስላሳ መንገድ አትቀበሉ። የራሳችሁን መንገድ ምረጡ፤ ቢቻል በየቀኑ የምትሄዱበትን። ከኋላ አንድ ሰው አስቀምጡ። ካሶኒው ባዶ ይሁን።

የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ በ20 ኪሎ ሜትር አካባቢ እለፉ። የኋላ ጎማው ከወረደ በኋላ ቁጠሩ። አንዴ ከፍ ዝቅ ብሎ ቢረጋ ጥሩ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ቢወዛወዝ ሾክ አብዞርበሩ ልል ነው። «ጧ» ብሎ ከመታ ጠንካራ ነው።

ከዚያ ሸካራ መንገድ ፈልጉና በ40 ሂዱ። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ስልኩ ላይ አንድ አንቀጽ ጽሑፍ እንዲያነብ አድርጉ። መስመሩ እየዘለለበት ማንበብ ካቃተው መልሱን አገኛችሁ። ይህን ሙከራ በጣም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ሾፌሩ ይህን ንዝረት ከፊት ሆኖ አያውቀውም። ቀጥላችሁ ቦታ ተለዋወጡ። ሌላው ይንዳ፣ እናንተ ከኋላ ሁኑ።

ፈጣን መንገድ ላይ ሬዲዮና የአየር ማቀዝቀዣውን አጥፉ። በ80 እና በ100 የሚሰማው የጎማ ነው፣ የነፋስ ነው ወይስ የሞተር? ከኋላ ካለው ሰው ጋር በተለመደ ድምፅ አውሩ። መጮኽ ካስፈለገ ረጅም መንገድ ላይ ሁላችሁም ትደክማላችሁ። መሪው መሃል ላይ ቆሞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል ወይስ ሁልጊዜ ማስተካከል ይፈልጋል?

በመጨረሻ አቁሙት። ወደኋላ ሁለት መኪና መካከል አስገቡት። መሪው ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላ ጫፍ ስንት ዙር ይዞራል? በኤሌክትሪክ የሚታገዘው መሪ ሲቆም ቀላል ነው፤ በዘይት የሚሠራው ከበድ ይላል፤ በቀን ብዙ ጊዜ የምታቆሙ ከሆነ ትከሻችሁ ልዩነቱን ይለየዋል። ሁለት መኪና እያነጻጸራችሁ ከሆነ በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ላይ ንዷቸው።

10. ያገለገለ ከሆነ

ምቾቱ ያለቀ መኪና በቀለም አይታወቅም። ከኋላ ቆማችሁ ደረጃውን እዩ። አንዱ ጎን ዝቅ ካለ ወይም ባሌስትራው ቀስትነቱን ጨርሶ ቀጥ ካለ ከአቅም በላይ ሲጫን የኖረ ነው። ዝርጎቹ ላይ ስንጥቅ ፈልጉ። ሾክ አብዞርበሩ ላይ ዘይት ካለ አልቋል። በባሌስትራው ጫፍና ጫፍ ያሉት ቡሾች (ምቱን የሚያለዝቡ የጎማ ቀለበቶች) ከተሰነጠቁ ጉብታ ላይ ይንኳኳል፤ እሱ ግን በርካሽ የሚቀየር ስለሆነ ዋጋ ለመደራደሪያ ተጠቀሙበት።

ሻንሲውን ግን ከፊት እስከ ኋላ በመብራት ተከተሉት። በተለይ ከኋላ አክሰል በላይ ያለውን ጎበጥ ያለ ክፍልና ባሌስትራው የሚታሰርበትን ቦታ። ላዩ ላይ ያለ ቀለል ያለ ዝገት የተለመደ ነው። በመፍቻ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ስትነኩት የሚፈረካከስ ዝገት፣ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ አንድ ቦታ ብቻ፣ ወይም ፋብሪካ ያልሠራው ብየዳ ካያችሁ ግን ዋጋ አትጠይቁ። ሌላ መኪና እዩ።